ምዕራፍ ስድስት፦ ተራኪው ዝም ሲል

በአማርኛ ቴሌቪዥን ስለ አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም እንዴት እንደሚጀምር ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል። ድሮን ከተራራ ጫፍ ተነሥቶ ወደ መንደር ይወርዳል። ጎርናና ድምፅ ያለው ተራኪ ባለታሪኩ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» የተወለዱበትን ዓመትና ቦታ ያነባል፤ ከሥሩ ዋሽንት ይንቆረቆራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለታሪኩ ያልተጫወቱት ዋሽንት። ከዚያ የሥራ ባልደረቦች እየተፈራረቁ ይቀርባሉ፤ እሳቸውን ለመግለጽ ቃላት እንደሚያጥሯቸው ይናገሩና ቃላት ሳያጥሯቸው ረዥም ሰዓት ያወራሉ። ድህነቱ፣ ስደቱ፣ እስሩ፣ ሽልማቱ በተራ ያልፋል። ሰውየው አንጋፋ የተባሉበት ሥራ ግን ጥቂት ሰከንድ ከተሰማ በኋላ ድምፁ ዝቅ ይደረግና ተራኪው ይገባበታል። ፊልሙ ሲያበቃ ስለ ሰውየው ኑሮ ብዙ አውቀናል። በገናቸውን ሲቃኙ ጆሯቸው ምን እንደሚፈልግ፣ ዜማን ለደቀ መዝሙር ሲያቀብሉ የት ላይ እንደሚያርሙት፣ ከሌላው ባለሙያ በምን እንደሚለዩ ግን ፊልሙ ሳይጀምር ከነበርንበት ፈቀቅ አላልንም። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ ስለ ሙዚቀኛ የሚሠራ ፊልም ከመጽሐፍም ከጋዜጣም የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ሥራው ሲሠራ ማሳየቱና ማሰማቱ ነው። ይህን ትቶ ኑሮን ብቻ የሚተርክ ፊልም፣ አንድ ደህና ጸሐፊ በወረቀትና በእርሳስ ሊወጣው የሚችለውን ሥራ በብዙ ገንዘብ ይሠራል።

ልማዱ ከስንፍና የመጣ አይመስለኝም፤ ሥሩ ጠለቅ ያለ ነው። የታላቅ ሰውን ሕይወት የምንተርክበት ጥንታዊው መንገድ ገድል ነው፣ ገድልም የራሱ ሥርዓት አለው። ልደቱ አስቀድሞ ይነገራል፣ ሕፃኑ ትምህርት ይከብደዋል ወይም ከእኩዮቹ ይልቃል፣ ነገሥታት ይቆጡታል፣ ይጋዛል፣ ይፈታል፣ በመጨረሻ ቃል ኪዳን ይቀበላል። ቴሌቪዥናችን ይህን ቅርጽ ሳያውቀው ወርሶታል። ቃል ኪዳኑን በክብር ዶክትሬት ተካው እንጂ አጥንቱ ያው ነው። ሌላው ምንጭ ቀብር ነው። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንግሥት ደረጃ ተቀበረ፣ አገሩም በቴሌቪዥን ተከታተለው። የሙዚቀኛ ዘጋቢ ፊልም የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ሳምንት ወይም በሙት ዓመት ነው፤ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ እንዳለ ተነሥቶ ስቱዲዮ ይገባል። በሐዘን ሳምንት ደግሞ ስለ ቅኝት የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ቢኖርም ነውር ይመስልበታል።

ይህን ነገር ለመፈተን ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የተሻለ አገር የለም። ከወግዲ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ሳይንት የሚዘልቀው፣ አባይና በሽሎ ያቀፉት ይህ ምድር በቴሌቪዥን እምብዛም አይታይም፤ ሲታይም ለመንገድ ምረቃ ወይም ለመኸር ዜና ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ዜማ በጽሑፍ ምልክት የተቀመጠበት ታሪክ ከዚሁ ይነሣል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በግራኝ ጦርነት መጻሕፍት ከተቃጠሉና መምህራን ካለቁ በኋላ፣ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን፣ የዜማ መጽሐፉን፣ ምልክት አደራጁ። ተድባበ ማርያም ያለችው ሳይንት ላይ ነው። ከእነሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ደግሞ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነበር፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተምሮ ሰዓታቱን የደረሰው፣ መጽሐፈ ምሥጢርን እ.ኤ.አ. በ1424 የፈጸመው ሊቅ። ገዳሙ ጋስጫ በዚሁ በደቡብ ወሎ በቦረና ምድር ነው፣ ዕረፍቱም ሐምሌ 7 ቀን ይታሰባል። ይህን ዜማ ክላሲካል ሙዚቃ ብለው፣ በዚህ ስም ጥቁር ኮት የለበሰ ፒያኒስት ብቻ የሚታየው አንባቢ ሊቃወመኝ ይችላል፦ ይህ ጸሎት ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም፣ የአውሮፓንም ስም ልንለጥፍበት አይገባም ይለኛል። በስሙ አልከራከርም። አንድ ጥበብ ግን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ የከፈለው ሥርዓት ካለው፣ የተጻፈ ምልክት ካለው፣ ደረጃ ያለው ትምህርት ቤትና ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ካለው፣ ደቀ መዝሙሩም በመጨረሻ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ በድጓ ከተመሰከረለት፣ ቪየና ወይም ለንደን ላይ ለሚሠራው ሙዚቃ የምንሰጠውን ጥንቃቄ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

ምልክቱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የክርክሩን ልብ ያሳያል። በድጓ ገጽ ላይ ከዋናው ቃል በላይ ሁለት ዓይነት ነገር ይገኛል። አንደኛው እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክና ሂደት ያሉት ምልክቶች ናቸው፤ ድምፁ እንዲነሣ፣ እንዲወድቅ፣ እንዲጎተት፣ እንዲንቀጠቀጥ ወይም እንዲቆረጥ ያዛሉ። ሁለተኛው ከግዕዝ ቃላት የተቀነጨቡ ጥቃቅን ፊደላት ናቸው፤ እያንዳንዱ ፊደል ደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን አንድ የዜማ ስልት ያስታውሰዋል። ልብ በሉ፣ ምልክቱ ያስታውሳል እንጂ አያስተምርም። የአውሮፓ ኖታ የሚያውቅ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀት ላይ አንሥቶ ሊጫወተው ይችላል። ድጓን ያልተማረ ሰው ግን ገጹን ዓመት ሙሉ ቢያፈጥበት አንዲት ሐረግ አይወጣለትም፤ የኔታ አፍ ላይ ያለውን ድምፅ መጀመሪያ መስማት አለበት። ጌራና ራጉኤል ሊጽፉት ያልቻሉት፣ ማንም በቀለም ሊጽፈው የማይችለው ነገር ያ ነው፦ ርክርኩ ምን ያህል እንደሚርገበገብ፣ መቋሚያው መሬት የሚነካው በየትኛው ቅጽበት እንደሆነ፣ ጸናጽሉ ከከበሮው በፊት ይሁን በኋላ፣ መምህሩ ተማሪው ሲሳሳት ቃል ሳያወጣ በዓይኑ የሚያርመው እንዴት እንደሆነ። ካሜራና መቅረጫ በዓለም ላይ የተፈጠሩበት ሥራ ቢኖር ይህ ነው። ስለ አንድ መሪጌታ የሚሠራ ፊልም ይህን ካላሳየን ድሮኑን ለምን አስነሣው?

ታዲያ ካሜራው ወደ ወሎ ሲመጣ ለምን መጣ? ለረሃብ ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1973 ነበር፣ በእኛ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም.። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት አልሞላውም፤ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነበር፣ ዋና ሥራውም ዘውዱን ማሳየት ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ጣቢያ የዲምብልቢን ፊልም አሳየ፤ ደርግ ግን እንዳለ አላቀረበውም። የረሃብተኞቹን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ከኬክና ከሻምፓኝ ምስል ጋር እያፈራረቀ አስቀጠለው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ከቀረቡት ዘጋቢ ፊልሞች ሁሉ ኃይለኛው ይህ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። የተሠራውም ባብዛኛው በመቀስ ነው፦ አንድም አዲስ ቃለ መጠይቅ፣ አንድም ምስክር ሳያስፈልገው፣ ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ብቻ የአንድን ሰው የግማሽ ምእተ ዓመት ምስል በአንድ ማታ ለወጠ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ትምህርት ስለ ፕሮፓጋንዳ ነው፤ ትክክልም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ግማሹ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ስም ያለው ባለታሪክ አንድ ነው፣ እሱም ንጉሡ። የወሎ ሰው በዲምብልቢ ፊልምም በደርግ ቅጂም ስም የለውም፤ የሚናገረው ተራኪው ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበውና ሞሐመድ አሚን የቀረጸው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ሲያናውጥ ያው ሥርዓት ተደገመ። እነዚያ ሥራዎች ሕይወት አድነዋል፤ ያንን ማቃለል ግፍ ነው። ሆኖም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለአገሩ ሁሉ አበረከተ የሚባል ሕዝብ፣ ከቅኝቶቹም ሁለቱ በቀጥታ የቦታዎቹን ስም የያዙለት ሕዝብ፣ በዓለም ስክሪን ላይ ድምፅ አልባ ሆኖ ቀረ። የማሪቱ ለገሰ አምባሰል በየቤቱ በካሴት ሲደመጥ ወሎ በቴሌቪዥን የሚታወቀው በሌላ ምስል ነበር። ተራኪው የማያቋርጥበት ፊልም አደጋው ይህ ነው፦ የሚናገርለት ሰው የራሱ ድምፅ እንዳለው ያስረሳል። ለረሃብተኛም ለመሪጌታም ያው ነው።

መንገዱን ሌሎች እንዴት እንዳገኙት ማየት ይጠቅማል፣ እነሱም ሲጀምሩ አጥር ነበረባቸውና። ኬን ረስል ስለ እንግሊዛዊው አቀናባሪ ኤልጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ለቢቢሲ ፊልም ሲሠራ፣ የእውነተኛ ሰዎችን ታሪክ በተዋናይ ማሳየት በዘጋቢ ፊልም ውስጥ የተጠላ ነገር ነበር። የተፈቀደለት ተዋናዮቹ ከሩቅ እንዲታዩና እንዳይናገሩ ሆኖ ነው። ረስል ይህን እገዳ ጥቅም አደረገው። ልጁ ኤልጋር በማልቨርን ኮረብቶች ላይ በነጭ ፈረስ ይጋልባል፤ የኤልጋር የአውታር ሙዚቃ ይነሣል፤ ተራኪው ዝም ይላል። ተመልካቹ ያን ኮረብታና ያን ዜማ ከዚያ በኋላ ሊለያያቸው አልቻለም። ኤልጋር ከሞተ 28 ዓመት ሆኖታል፣ ሊጠየቅ አይችልም፤ ፊልሙ ግን ሰውየውን በሥራው በኩል አገኘው። ክሪስቶፈር ኑፐን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ድምፃቸው የማይረብሽ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራዎች ይዞ ወደ ሙዚቀኞቹ ተጠጋ። ስለ ሴሎ ተጫዋቿ ዣክሊን ዱ ፕሬ የሠራው፣ እንዲሁም አምስት ወጣቶች የሹበርትን «ትራውት» ሲለማመዱና ሲጫወቱ የሚያሳየው የ1969ኙ ፊልም እስከ ዛሬ የሚታዩት ሙዚቀኞቹ ሲቀልዱ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲተያዩ፣ ከዚያም ቁራጩን ሙሉ በሙሉ ሲጫወቱ ስለምናይ ነው። እንግዲህ አባ ጊዮርጊስ ካረፈ ስድስት መቶ ዓመት ሆነው፤ ፎቶ የለውም፣ ባልደረባ የለውም። በገድል ቅርጽ ለሚሠራ ቴሌቪዥን ይህ ችግር ነው፣ ተዋናይ ቀጥሮ ጢም ይለጥፍበታል። በረስል መንገድ ለሚሠራ ግን ጋስጫ አለ፣ ገደሉ አለ፣ ሌሊቱ አለ፣ ሰዓታቱም እስከ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ይቆማል። ከዚህ በላይ ምን ማኅደር ይፈለጋል?

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሆነው በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ ደሴት ታሰሩ፣ ከነፃነት በኋላ ካይሮ ላይ በፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ሠለጠኑ። ወደ ለንደን ለትምህርት ሊሄዱ ሲሉ ተከለከሉ፤ ገና በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ፣ እዚያም ዐሥር ዓመት ገደማ ኖሩ። ግሸን ያለችው አምባሰል ውስጥ ነው፣ በዚያው በደቡብ ወሎ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ዓለም በሰፊው የሰማቸው ግን በ2006 በወጣው የኢትዮፒክስ 21ኛ ቅጽ ነው፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ካለፈ በኋላ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። ይህ ታሪክ ለተራኪ የሚጥም ነው፦ እስር አለ፣ ንጉሥ አለ፣ ምናኔ አለ፣ ዘግይቶ የመጣ ዝና አለ፤ ገድል ማለት ነው። የቢቢሲ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ እሳቸው ባቀረበው ዝግጅት ርዕስ ላይ በአሜሪካ መጠጥ ቤት ፒያኖ ስም «መነኩሲት» ብሏቸዋል፤ ለጆሮ የሚስብ፣ ለእሳቸው ግን የማይመጥን ቅጽል ነው፣ ምክንያቱም ያልተማረ ጆሮ የመጠጥ ቤት ፒያኖ የመሰለው ነገር ምንጩ ሌላ ሊሆን ይችላል። እማሆይ በጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል፤ ለመጀመሪያው ሸክላ ያነሣሣቸውም ቀን ለምነው ሌሊት የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ችግር ነው። የቀኝ እጃቸው ፍሰት፣ ምቱን ሳይቆጥር የሚጠብቅና የሚፈጥን፣ በአንድ ድምፅ ዙሪያ የሚርገበገብ፣ ከርክርክና ከሂደት ጋር የሚዛመድ ይመስላል። ይመስላል እላለሁ፣ ምክንያቱም ሊረጋገጥ የሚችለው አንድ መሪጌታ ዜማውን ሲያወርድ፣ ቀጥሎ የእማሆይ ፒያኖ፣ ያለ ተራኪ ጎን ለጎን ሲሰሙ ነው። ደርግ ግብዣና ረሃብ ለማጋጨት የተጠቀመበት መቀስ ለዚህም ያገለግላል።

አንዱ ጠንካራ ተቃውሞ ተመልካቹን ይመለከታል። ሰው ታሪክ ይፈልጋል፤ ስምንት ደቂቃ አቋቋም ወይም የድጓ ቀለም የሚያይ ማን ነው፣ ጣቢያውንስ ማስታወቂያ ማን ይሰጠዋል? ይህ የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ፍርሃት እንጂ የተመልካች ጠባይ አይመስለኝም። ጥምቀትና መስቀል በቀጥታ ሲተላለፉ ሰዓታት ይፈጃሉ፣ ሰውም ያያል። የመዓዛ ብሩ የጨዋታ እንግዳ በሸገር ሬዲዮ ከሳምንት ሳምንት ሲቀጥል አድማጭ አልሸሸም፤ እንዲያውም ዝግጅቱ የተወደደው እንግዳው እስኪጨርስ ስለተጠበቀ ነው። የአገሬ ሰው ረዥም ነገር አይፈራም፤ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን፣ ሠርግ ሳምንት የሚቀመጥ ሕዝብ ነው። የሚሰለቸው የማይገባው ነገር ሲረዝምበት ነው። ስለዚህ ተራኪው ጨርሶ ይጥፋ አልልም። ከዜማው በፊት አንድ ደቂቃ ገብቶ «አሁን የሚሰሙት ዕዝል ነው፤ መሪው ሲያነሣ ግራ ቀኙ እንዴት እንደሚቀበለው ይከታተሉ» ቢልና ቢወጣ፣ ተመልካቹ ጆሮ አግኝቶ ይቀመጣል። ይህ ነው የማብራራት ሥራ። ዜማው እየተሰማ በላዩ ላይ የሚነገር ማብራሪያ ግን ሁለቱንም ያጠፋል።

ሕይወቱን ሳናውቅ ሥራውን እንዴት እንረዳለን የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። የአስናቀች ወርቁ ክራር ከመድረክ ሕይወቷ፣ ከከተማው የፍቅርና የሐሜት ወሬ ሊነጠል አይችልም፤ ግጥሞቿ ከዚያው የወጡ ናቸውና። ራሔል ሳሙኤል ስለ እሷ የሠራችው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ አስናቀች ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነበር፤ አንድ ኢትዮጵያዊት የፊልም ባለሙያ ስለ አንዲት ክራር ተጫዋች ሙሉ ፊልም መሥራት እንደምትችል አሳየ፣ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሕይወቱ ይነገር። የምጠይቀው ምርጫ ነው፦ ከሕይወቱ ውስጥ በሥራው ላይ የሚሰማው ክፍል ይመረጥ። አንድ የድጓ መምህር በልጅነቱ ውሻ እየከለከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ መለመኑ ከተነገረ፣ ድምፁ የሠለጠነው በዚያ ብርድና ርኀብ እንደሆነ፣ ሌሊት ያለ መብራት በቃሉ ስላጠና የማስታወስ ችሎታው እንደጠነከረ ይታይ። ካልሆነ ልመናው ማልቀሻ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። የገዳም አባት ካሜራ አላስገባም ሊል ይችላል፤ ከንቱ ውዳሴን መሸሽ የመነኮሰበት ምክንያት ነውና። ጸሎትን መቅረጽ ትርኢት ማድረግ ነው ብሎ የሚያስብ መምህርም አለ፣ ዛሬ በየስልኩ የሚለጠፈውን ያየ ሰው ተሳስቷል አይለውም። እኔ ለዚህ የተሟላ መልስ አለኝ አልልም፤ እምቢ ያለ አባት እምቢታው መከበር አለበት፣ ተደብቆ መቅረጽም ሌብነት ነው። ነገር ግን የጌራንና የራጉኤልን ውሳኔ እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። በቃል ብቻ ይተላለፍ የነበረውን በቀለም ማስፈር ለዘመኑ ቀላል ነገር ሊሆን አይችልም፤ ያስገደዳቸው የመምህራን ማለቅ ነው። ዛሬም የጉባኤ ቤቱ ተማሪ እየሳሳ፣ መምህሩ እያረጀ ባለበት ጊዜ ጥያቄው ያው ነው። ደግሞም መቅረጽና ማሰራጨት አንድ አይደሉም። ድምፅ ብቻ ተቀርጾ፣ ቅጂው በጉባኤ ቤቱና በአንድ የታመነ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ ለቴሌቪዥን መምህሩ የፈቀደው ቁራጭ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ፊልሙ መጀመሪያ ለተቀረጹት ሰዎች ይታይ፣ «ይህ ይውጣልን» ያሉት ይውጣ። ጋዜጠኞች ይህን ሲሰሙ ሳንሱር ይሉታል። ስለ ሚኒስትር በሚሠራ ፊልም ላይ ቢሆን አብሬያቸው ሳንሱር እለው ነበር፤ ሥልጣን የሌለው፣ ከዜማው ሌላ ንብረት የሌለው መሪጌታ ግን ከሚኒስትር ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

እስካሁን ስለ ድጓ ብዙ ተናገርሁ፣ ወሎ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። ከወግዲ እስከ ቃሉ ድረስ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው፤ በደቡብ ወሎ እንደ ጌታና ጀማ ንጉሥ ባሉ የታወቁ የትምህርት ማዕከሎች ዙሪያ መንዙማ አድጓል። ብዙው መንዙማ በዐጀም፣ ማለትም አማርኛው በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ፣ በእጅ ጽሑፍ ቆይቷል። ቃሉ ተጽፏል፤ ዜማው፣ የድቤው አመታት፣ ተቀባዩ ሕዝብ የሚገባበት ቦታ ግን አልተጻፈም። በዚህ ረገድ መንዙማ ከድጓም ይልቅ መቅረጫ ያስፈልገዋል። ስለ አንድ የመንዙማ አውራጅ የሚሠራ ፊልም «የመቻቻል ተምሳሌት» እያለ አርባ ደቂቃ ከሚያወድስ፣ አንድ ሙሉ ሌሊት ሐድራ ላይ ተቀምጦ አውራጁ ጉሮሮው ሲደክም ተራውን ለማን እንደሚሰጥ ቢያሳየን ስለ ወሎ የበለጠ እናውቃለን። የአዝማሪውም ነገር እንዲሁ ነው፦ ከአድማጭ ግጥም ተቀብሎ በማሲንቆ የሚመልስበትን ፍጥነት ማንም ተራኪ ሊገልጸው አይችልም፣ አንድ ያልተቆረጠ ቀረጻ ግን ያሳየዋል።

ገንዘብ የለም የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ለአንድ የምረቃ በዓል የሚወጣው የካሜራና የአበል ወጪ አንድ መምህር ጋ ሳምንት ያስቀምጣል። ዛሬ ደህና ስልክና አንድ ጥሩ ማይክ ኑፐን ከነበረው መሣሪያ በብዙ ይቀላል፣ መንገዱ ባልሰከነበት ወቅትም ከአካባቢው የሚወጣ ወጣት ሊይዘው ይችላል። የጎደለው መሣሪያ አይደለም፤ መቅረጹን የሚያውቅና ዜማውን የሚያውቅ ሰው አብረው አይሠሩም። የቴሌቪዥኑ ልጅ ግዕዝን ከዕዝል አይለይም፣ የጉባኤ ቤቱ ልጅ ካሜራ አልያዘም።

ይህን ክፍተት መዝጋት የሚችሉ ተቋማት በአካባቢው አሉ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ተድባበ ማርያምም ጋስጫም በዚያው አካባቢ ናቸው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ካሜራውም የሥርጭት መስመሩም አለው። ዩኒቨርሲቲው ሁለት የድጓ ተማሪዎችንና ሁለት የመንዙማ ደረሶችን መቅረጽ ያስተምር፤ ኮርፖሬሽኑ ለዓመት አንድ ሰዓት፣ ተራኪ በዜማው ላይ የማይገባበት አንድ ሰዓት ይስጣቸው። በፊልሙ መጨረሻ ላይ የመምህሩ ስም ከአዘጋጁ ስም በፊት ይጻፍ፤ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ፣ የዜማው ዓይነትም ይጠቀስ። ያልተቆረጠው ቅጂ በጉባኤ ቤቱ ይቀመጥ። መምህራኑ አርጅተዋልና፣ ይህ ለከርሞ የሚባል ሥራ አይደለም።